በሜትር የፈለግሁት ወንድም

ዓመቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አልነግራችሁም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ያ ሰው ሱቄ ሲገባ ምሳዬን ብቻዬን፣ በስፌት መኪናዬ ላይ፣ ጨርቁን ገለል አድርጌ እየበላሁ ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች ምሳ የምበላው ቤት ሄጄ ነው። ስለዚህ ከሞተች በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ይሁን ሦስተኛው ተምታቶብኛል። ወሩ ግንቦት ሳይሆን አይቀርም፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ነበር።

ሰውዬው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቆዳው በፀሐይ የጠቆረ፣ አሣ አሣ የሚሸት ሰው ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዕድሜውን ሙሉ መረብ ሲጥል የኖረ መሆኑን ከመቀመጡ በፊት ነገረኝ። አማርኛውን በኋላ ነው የተማረው፤ ቋንቋው ሲዳምኛ ነው። ግን ከእኔ አማርኛ ይልቅ የእሱ ቀልድ ያውቃል።

«ልጄን ልድር ነው፤ ኮት ይስፉልኝ» አለኝ። «ሽማግሌ ኮት ሳይለብስ ልጅ አይድርም አሉ ልጆቼ። እነሱን ሁሉ ያሳደግኩት በቁምጣ ነው፤ ያኔ ግን አላፈሩብኝም።»

ሳቅኩና እጄን ታጥቤ ሜትሩን አንገቴ ላይ አደረግሁ። ትከሻውን ለካሁ፣ ጻፍኩ። ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን ለካሁ፣ ጻፍኩ። አራተኛውን ቁጥር ስጽፍ እጄ ቆመ። ከኋላው ሄጄ ደግሜ አየሁት። የግራ ትከሻው ከቀኙ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ቁጥሮቹ የሌላ ደንበኛ አልነበሩም፤ የራሴ ነበሩ። ትከሻውም የእኔ ትከሻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ለምን እጄ እንደቆመ አይገባችሁም።

እኔ ወላጆቼን አላውቃቸውም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መንገድ ዳር ሳለቅስ አግኝቶኝ፣ አዋሳ ሲደርስ አንድ ልብስ ሰፊ ደጅ አውርዶኝ ሄደ። ያኔ ከተማዋ ገና ናት፤ ቤቱ የሚቆጠር ነበር። «የት አገኘኸው?» ቢሉት ሹፌሩ «መንገድ ላይ» ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም። ለብዙ ወራት አልተናገርኩም ይላሉ። ስናገር ደግሞ የተናገርኩት ባሳደገኝ በልብስ ሰፊው አማርኛ ነው። ከዚያ በፊት ቋንቋ ከነበረኝ የት እንደገባ አላውቅም። አሳዳጊዬ ደግ ሰው ነበር፤ መርፌ አስያዘኝ፣ መቀስ አስያዘኝ፣ ማታ ትምህርት ቤት ልኮ እስከ አራተኛ ክፍል አስተማረኝ። የአባቴን ስም ሲጠይቁኝ የእሱን ስም ነው የምሰጠው።

ችግሩ ስም አይደለም። ችግሩ መታወቂያ ሳወጣ ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ «ብሔር?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝና አማራ ብሎ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ መታወቂያው ሲታደስ ሌላው ጸሐፊ እንደዚሁ ፊቴን አየና ኦሮሞ አለኝ። ሦስተኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ «አፍንጫዎትማ የወላይታ ነው፣ አባባ» ብላ ወላይታ አደረገችኝ። በሦስቱም ጊዜ የሄድኩት በዚያው በአንዱ አፍንጫዬ ነው።

ባለቤቴ መታወቂያዎቹን ጎን ለጎን ደርድራ እየሳቀች፣ «አገሩን ሁሉ አዳርሰኸዋል እኮ! የቀረህ የለም» ትለኝ ነበር። ሳዝን ስታየኝ ደግሞ፣ «የእኔ ወገን ነህ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ትለኛለች። ልጅ አልወለድንም። እሷ ስትሞት ድንኳኑን የሞላው የእሷ ዘመድ ነው። አንዲት ሴትዮ ቀስ ብላ፣ ግን እኔ እየሰማሁ፣ «በእሱ በኩል ማን አለ?» ብላ ጠየቀች። «ማንም» ተባለች። ያቺ «ማንም» እድሩ ድንኳኑን ሲነቅልም አልተነቀለችም። ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከመሞቴ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ይህ የእኛ ነው» ይበለኝ።

የፈለግሁበት መንገድ ደግሞ የልብስ ሰፊ መንገድ ነው። አሳዳጊዬ ገና ጎረምሳ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮት ሲሰፋልኝ ልኬቴን በአንድ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ጻፈ። ደብተሩን ወረስኩት። ሲያልቅ ሌላ እየሰፋሁበት አሁን እንደ ጡብ ወፍሯል። ደንበኛ ስለካ «ዘመዶችዎ የየት አገር ናቸው?» እላለሁ፤ መልሱን ከስሙ አጠገብ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ ከእኔ ጋር ከቀረበ ጫፉ ላይ፣ ጨርቅ በማሰምርበት ሳሙና ሳይሆን በቀይ እስክሪብቶ፣ ምልክት አደርጋለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ሰው ሰውነቱን የሚያገኘው ከአባቱ ነው፣ አባቱም ከዘሩ። ስለዚህ የእኔን ሰውነት የያዘው ዘር የትም ይሁን የት፣ አንድ ቀን በዚህ በር መግባቱ አይቀርም። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ዓሣ አጥማጁን እንግዲህ «ዘመዶችዎ?» አልኩት።

እሱማ ለዚህ ነገር ልጅነቱን ሙሉ የሠለጠነ ሰው ነው። ከሐይቁ ማዶ ኮረብታው ላይ ያለውን መንደሩን ጠቆመኝና አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። አንዱ እጅ አለቀ፣ ወደ ሌላው ተሻገረ። ሁለቱም እጁ ሲታጠፍ እኔ ያልታጠፈ ጣት እየፈለግሁ ነበር።

«ወንድም ጠፍቶባችሁ ያውቃል?» አልኩት።

«ጥጃ ጠፍቶብን ያውቃል» አለና ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ሰው ግን … አይ። ሰው አልጠፋብንም» አለ።

እኔ መልሱን ትቼ ያቺን ዝምታ ያዝኳት። የተራበ ሰው ፍርፋሪ አይንቅም።

በማግሥቱ አንዲት ደንበኛዬ መጣች። ቤቷ ከባህል አዳራሽ ጀርባ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ነጭ ጋዋኗ ኪሱ ተቀዶ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ፊትዎ በርቷል፤ ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ወንድሜ ሳይገኝ አልቀረም፣ ቲቸር።»

ቦርሳዋን አስቀመጠችና ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብተሩንም አሳየኋት። ለሰው ሳሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አልሳቀችም። ገጹን ቀስ እያለች ገለጠች።

«ልኬቱ ስለገጠመ ነው ወንድሜ ያሉት?»

«ልኬቱም፣ ትከሻውም። ሰውነት ከዘር ነው የሚመጣው። ይህን የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ልጅ ወላጁን ይመስላል፤ እሱ ልክ ነው። ወንድምና ወንድምም ይመሳሰላል» አለች። «ግን እርስዎ የሚሉት ሌላ ነው። የሆነ ሕዝብ የሆነ ሰውነት አለው፤ አይቼ እለየዋለሁ ነው የሚሉኝ።»

«አዎ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለክቻለሁ።»

«እንግዲያው እንፈትንዎት። ስሙንና አገሩን በእጄ እሸፍናለሁ፣ ቁጥሩን አነብልዎታለሁ፤ የየት ሰው እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«አንብቢ!» አልኳት። መነጽሬን እንኳ አላደረግሁም።

የመጀመሪያውን አነበበች፤ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ እጅጌው ረጅም።

«ይህ የሰሜን ሰው ነው። ከጎንደር ወዲህ አይሆንም።»

እጇን አነሳች። ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ነበር።

ሁለተኛው አጭር፣ ደረቱ ሰፊ። «ይህስ የደቡብ ነው» አልኩ። የደብረ ብርሃን ሰው ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውን «ሲዳማ» አልኩና ገጠመልኝ። ጠረጴዛውን መታሁት።

«በቁጥሩ ነው የለዩት?» አለችኝ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች።

አፈርኩ። «የለም … ከቁጥሩ ቀጥሎ ‹ሁለት የውስጥ ኪስ› ያልሽው አስታውሶኝ ነው። ሁለት የውስጥ ኪስ ያሠራኝ እሱ ብቻ ነው።»

አራተኛውን አነበበች። ከእኔ ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቀይ ምልክትም አለው። «ይህስ የእርስዎ ወገን ነው?» ብላ እጇን ስታነሳ፣ ፋብሪካ ሊሠራ መጥቶ ኮት ያሰፋኝ ቻይናዊ መሐንዲስ ነው። ምልክት ማድረጌን እንኳ ረስቼው ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን።

«ቻይና ድረስ ፈልገዋል እኮ፣ አባባ!»

«ምን ላድርግ፣ ትከሻው ነው ያሳሳተኝ።»

ከዚያ ጋዋኑን ትታ፣ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ሰው አስረዳችኝ። በገበያ መሐል ሰውን የምለየው በአለባበሱ፣ በጸጉር አበጣጠሩ፣ በሰላምታው፣ በንግግሩ መሆኑን፣ እነዚህን አውልቄ ቁጥሩን ብቻ ስይዝ ግን እንደማልለይ። አንድ መንደር ውስጥ ባሉ ሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ልዩነት፣ አንዳንዴ ባሕር በሚለያቸው ሁለት ሰዎች መካከል ካለው ሊበልጥ እንደሚችል። ቆዳ የፀሐይ ጉዳይ እንደሆነ፤ ቁመት ደግሞ የዘርም የምግብም እንደሆነ።

«በእግርዎ ከሐይቁ ተነስተው ወደ ደጋው ይሂዱ» አለችኝ። «ከደጋው ወርደው በረሃውን ያቋርጡ፤ ባሕሩንም ይሻገሩ። የሰዉ መልክ እየተለወጠ ይሄዳል። ግን የትኛው መንደር ላይ ቆመው ነው ‹ይህ ዘር እዚህ አለቀ፣ ያኛው ከዚህ ጀመረ› ብለው የሚያሰምሩት?»

ይህ ገባኝ። ከአንዱ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ጫፍ የሚነጣ ጨርቅ አውቃለሁ። ቀለሙ ይለያያል፤ ስፌት ግን የለውም። የት ጋ ልቁረጠው ብትል መቀሱ ራሱ ያፍራል።

«ሕዝብ የለም አላልኩም» አለች ደግሞ። «ቋንቋው አለ፣ ለቅሶው አለ፣ ሠርጉ አለ። እሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰውነት ላይ አጥር የለም ነው የምልዎት። ወንድምነትን የሚለይ ምርመራ አለ፤ ሩቅ ልከው ነው የሚያሠሩት። እሱም ቢሆን ሁለት ሰው ዘመድ መሆኑን ይናገራል እንጂ የሰውን ዓይነት አይናገርም።»

ሁሉም ልክ ነበር። እኔ ግን መልስ አልወደድኩም። ሰው ተስፋ ሲይዝ መልስ አይወድም።

«ላንቺ ይቀላል፣ ልጄ» አልኳት። «አንቺ አባትሽን ታውቂያለሽ።»

ደብተሩን ዘግታ ተነሳች። ጋዋኗን ትታልኝ ሄደች። ያልኳት ነገር ምሽቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ አደረ።

ዓሣ አጥማጁ ለፕሮቫ፣ ኮቱን ሊለካ፣ መጣ። ኮቱ ገና እጅጌ የለውም፣ በነጭ ክር ተይዟል። የግራውን ትከሻ ስፖንጅ ጨመር አድርጌ ከቀኙ ጋር አስተካከልኩለት፤ የራሴንም ኮት የምሰፋው እንደዚያ ነው። መስታወት ፊት እንዳቆምኩት፣

«አንድ ነገር ልለምንዎት፤ አብረን ደም እንመርመር» አልኩት።

«ለኮት ደም ያስፈልጋል እንዴ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ትከሻው። በዚያ እጅጌ በሌለው ኮት ውስጥ ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ። አልሳቀም፣ አልመከረኝም። «እንሂድ» ብቻ አለኝ።

አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ሄድን። ልጅቷ ከሁለታችንም ጣት ደም ወሰደች፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እግሩ ከእግሬ አጠገብ ነበር፤ አስተያየኋቸው፤ እግር ራሱ ሊመሳሰል ምን ቀረው አልኩ። ልጅቷ ሁለት ወረቀት ይዛ ወጣች። በሁለቱም ላይ ያው ፊደል ነበር፤ ኦ። ያው የመደመር ምልክትም አለው።

ተነስቼ ትከሻውን ሳምኩት፤ ግራውን። እንባዬ መጣ።

«ምን ሆኑ፣ አባባ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

«ደማችን አንድ ነው! ወንድማማች ነን።»

«እ … አባባ፣ የኔም እኮ ኦ ነው።»

በር ላይ የተቀመጠው ጥበቃ አንገቱን አስገብቶ፣ «እኔም ኦ ነኝ! ቤተሰብ ከሆንን ምሳ ጋብዙኛ» አለ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እነሱ ምን ያውቃሉ፤ በቀልድ ነው የወሰዱት። ልጅቷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው ቀረብ ብላ፣ «ምን ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

«ብሔሬ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

«እሱ እዚህ ላይ አይወጣም። ደም እሱን አያውቅም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይህ ፊደል በየትም አገር ሰው ላይ አለ። ቢታመሙ ከማን ደም እንደሚወስዱ ብቻ ነው የሚናገረው።»

ዓሣ አጥማጁ ክንዴን ያዘኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንተ ተባባልን። «ና፣ አሣ እንብላ» አለኝ።

አሞራ ገደል ስንደርስ ጀልባዎች ገና እየገቡ ነው። እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች የአሣ አንጀት እየጠበቁ ከሰው መሐል እንደ ሰው ቆመዋል። ቆሮሶ የሚሉት አሣ ተጠብሶ ቀረበልን። ከፊታችን ሽማግሌ ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶን መረብ ይጎትታል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጀርባ ካየሁ ዐይኔ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። የመጀመሪያው ግራው ዝቅ ብሏል። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ትንሽ ቀና ይላል፣ አራተኛውና አምስተኛው ግን ልክ እንደ እኔ ናቸው።

«እነዚህ ሁሉ ወንድሞችህ ናቸው?» አልኩት።

«የትኞቹ? ያ ከወላይታ ነው የመጣው። ያኛው የሻሸመኔ ልጅ ነው። ለምን?»

«ትከሻቸው።»

ዞር ብሎ አያቸው። እንደ አዲስ ነገር ራሱን ነቀነቀ። «መረቡን በዚህ በኩል ነው የምንጎትተው» አለኝ። «ዕድሜ ልክ። አባቴማ ትከሻው እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ነበር፤ ገበሬ ነበር እሱ። ያንተንስ ምን ዝቅ አደረገው?»

እጄ ሳላዘው ተነሳና ጨርቅ እንደሚገፋ ሆነ። ጭንቅላቴም ወደ ግራ ዘመመ። እንግዲህ በየቀኑ፣ ከልጅነት እስከ ሽምግልና፣ እንዲህ ነው የተቀመጥኩት።

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩ፤ የመጀመሪያውን ገጽ። ለካስ ቁጥሩን እየደጋገምኩ ሳየው ከግርጌው ያለውን የአሳዳጊዬን ጽሑፍ ካነበብኩት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ኖሯል። «ትከሻ፦ እኩል» ይላል። ጎረምሳ ሳለሁ ቀጥ ያልኩ ነበርኩ። እንደ አባቴ ርስት ተሸክሜ የኖርኩት ትከሻ የስፌት መኪናዬ ሥራ ነው። አባቴ ምን ዓይነት ትከሻ እንደነበረው አሁንም አላውቅም።

ተስፋዬ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። ሆኖም ዓሣ አጥማጁ ወደ ልጁ ሠርግ ጠራኝ፤ «አትቅርብኝ» አለኝ። ልቤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር እንደገና ነቃች። ዘር ባይሆንም፣ ደም ባይሆንም፣ ምናልባት በአፍ ብቻ ቢሆንም፣ «የእኛ ነው» ይለኝ ይሆናል አልኩ። የራሴን ኮት ተኩሼ ለብሼ ሄድኩ።

ሠርጉ ሞቅ ያለ ነበር። መዝሙሩን አላውቀውም፣ ግን ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ። ኮቱ አምሮበታል። ከጎኑ አስቀመጠኝ። አንዲት አሮጊት ዘመዱ ከፊታችን ቆመች፤ እሱን አየች፣ እኔን አየች፤ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው። ትርጉሙን ከእጇ እንቅስቃሴ አወቅሁት፤ ሁለታችንን እያመላከተች «ቁርጥ አንተን!» ማለቷ ነው። እሱም እንድሰማው ብሎ ይሁን እንጃ፣ በአማርኛ መለሰላት።

«ወንድሜ አይደለም። ልብስ ሰፊዬ ነው! ይህን ኮት የሰፋው እሱ ነው።»

በኩራት ነው ያለው። ተነስቶ ዞረላቸው፤ ሰው ሁሉ ኮቱን ዳሰሰ፣ ገበሩን ገልጦ አየ፤ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ክብርም ነው። እኔ ግን ውሸቱን ነበር የፈለግሁት። ምግቡ ሲቀርብ «መድኃኒት የምወስድበት ሰዓት ደረሰ» ብዬ ወጣሁ። የምወስደው መድኃኒት የለኝም።

ከዚያ ሱቁን አልከፈትኩም። ቀኑን አልቆጠርኩም፤ ዝናቡ ግን ገብቶ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆርቆሮውን አዳምጣለሁ። አልታመምኩም። ተነስቼ ለማን ነው የምለካው ብዬ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድን ሰው ስለካ ሌላ ሰው እየፈለግሁ ነበር፤ ፍለጋው ሲያልቅ ሜትሩ ጨርቅ ብቻ ሆነብኝ።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። የመኖሪያ ቤቴ በር ነው። አልተነሳሁም።

«አባባ! ጋዋኔ እርስዎ ጋ ነው። ኪሱ የተቀደደ ጋዋን ይዤ መሄድ ይሻለኛል፣ ያለ ጋዋን ከምቆም!»

አስተማሪዋ ናት። ያን ቃል ከተናገርኳት ወዲህ አላየኋትም ነበር። በሩን ከፈትኩላት፤ ስለዚያ ይቅርታ ልላት ስል፣ «ዣንጥላዬ ስር ይግቡ» አለችኝ። ሄድን፣ ሱቁን ከፈትኩ፣ ኪሱን ሰፋሁላት። ሰፍቼ ስጨርስ አልሄደችም። ከቦርሳዋ አንድ ክምር የፈተና ወረቀት አወጣች።

«ቤት ልጆቹ አያሳርሙኝም። እዚህ ላርም?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን። ስለ ወንድም አላነሳችም፣ ስለ ዘር አላነሳችም። እሷ ታርማለች፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ውጭ ይዘንባል። አንድ ከሰዓት ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት።

«ምን አገኘሽ?»

«ጥያቄው ‹ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምንድን ነው?› ይላል። ይኸው መልሱ፦ ‹ቤትና መሬት፣ ካልተከሰሱ።›»

ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት፤ መርፌው ወደቀብኝ።

«ስንት ልስጠው?» አለችኝ።

«ግማሽ ስጪው። ልጁ አገሩን ያውቃል።»

ሰጠችው። ከዚያ ወረቀቶቹን ከፍላ ወደ መኪናዬ ገፋችልኝ። «ነጥቡን ይደምሩልኝ፤ እኔ ሲደክመኝ እሳሳታለሁ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።» አስተማሪ መደመር አያቅታትም። ገብቶኛል። ቢሆንም መነጽሬን አደረግሁ።

ስደምር ስደምር ሳላስበው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። «ያ ያልሽኝ ምርመራ፣ ሩቅ የሚላከው፣ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ አንድ ነኝ።»

የሌለ ነገር እንዳለ አላደረገችም፤ አዝናልኝም አላለቀሰችም። የሚቀጥለውን ወረቀት አንስታ፣ «ይህ ደግሞ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ነው፤ ይምጡና እናንብበው» አለችኝ። ወንበሬን ወደ አግዳሚው አስጠጋሁ። ሁለታችንም አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰን፣ ልጁ ስለ ሕዋስ የጻፈውን እየተከራከርን አነበብን።

ክረምቱ እንደዚያ እንደዚያ እያለ አለፈ። ወንድም አላገኘሁም፤ የየት ሰው እንደሆንኩም አላውቅም፣ ከእንግዲህም የማውቅ አይመስለኝም። ሰው የመጣበትን ሳያውቅ ሊኖር እንደሚችል አሁን አውቃለሁ፤ አይቀልም፣ ግን ይኖራል። ዓሣ አጥማጁን አልቀየምኩትም፤ ሲያልፍ ይጠራኛል፣ ወጥቼ ሰላም እለዋለሁ። ያን ክረምት ግን ይዛ ያሻገረችኝ ከባህል አዳራሽ ጀርባ የምትኖረው የባዮሎጂ አስተማሪ ናት።